ራምሴ ዙር፦ መስመሮች የሚለያዩባቸው ቦታዎች

ጥያቄ፦ «ኤድንብራ የምኖር ሯጭ ነኝ። ማራቶን በተደጋጋሚ ሮጫለሁ፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ተራራ ለምጃለሁ። በመጪው ሰኔ ራምሴ ዙርን መሞከር እፈልጋለሁ። ከዚህ በፊት የሮጡ ሰዎችን የጂፒኤስ መስመር ሰብስቤ ካርታ ላይ ሳስቀምጠው አንዱ ከሌላው አይገጥምም። በየትኛው በኩል ልጀምር? መስመሮቹ በሚለያዩበት ቦታስ አጭሩን ልከተል?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምርልዎት። አጭሩን አይከተሉ። ለዚህ ዙር የሚዘጋጁ ሯጮችን ካርታና ኮምፓስ ሳስተምር፣ ሌሊቱንም አብሬያቸው ስሮጥ ዓመታት አልፈዋል። ሰዓት ካለቀባቸው መካከል ረጅሙን መንገድ በመምረጡ የቀረ ሰው አላስታውስም። አቋራጭ ብለው ገብተው ድንጋይ ለድንጋይ ሲንፏቀቁ ሰዓቱ ያመለጣቸውን ግን አስታውሳለሁ። አንዱ እኔ ነኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዙሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ቦታው ስኮትላንድ፣ ምዕራብ ሃይላንድስ ነው። ፎርት ዊልያም ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የግሌን ኔቪስ የወጣቶች ማደሪያ ተነስቶ፣ 24 የተራራ ጫፎችን ረግጦ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እዚያው በር ላይ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ፊሊፕ ትራንተር የማሞርስን ሰንሰለት ከግሬይ ኮሪስ ሰንሰለት፣ ኦናክ ከሚባሉት ሁለት ተራሮችና ከቤን ኔቪስ ጋር አገናኝቶ ዞረው። በ1978 ቻርሊ ራምሴ በሎክ ትሬግ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ አምስት ተራሮችን ጨመረበትና በ23 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ገባ። የተረፈችው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበረች። ርቀቱ 93 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ ሲደመር 8,700 ሜትር ያህል ነው። የተወሰነው ጫፎቹን መርገጥ ነው፤ ከጫፍ ጫፍ በምን በኩል እንደሚኬድ የወሰነ ማንም የለም። መስመሮቹ ያልገጠሙልዎት ለዚህ ነው።

ደግሞም እነዚያ መስመሮች የማን እንደሆኑ ይጠይቁ። ጃዝሚን ፓሪስ በ2016 ዙሩን በ16 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ስትጨርስ በወቅቱ ከወንድም ከሴትም ፈጣኗ ነበረች። ፊንሌ ዋይልድ በ2020 ወደ 14 ሰዓት ከ42 ደቂቃ አወረደው። እሱ ቤን ኔቪስ ደጃፉ የሆነ ሰው ነው፤ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። በደረቅ ቀን፣ በብርሃን፣ በእሱ እግር የተሄደበት መስመር ለእርስዎ በአሥራ ስምንተኛው ሰዓት፣ በጉም ውስጥ፣ የባትሪ መብራት ግንባርዎ ላይ አስረው ምን እንደሚሆን መስመሩ አይነግርዎትም።

የእርስዎ ሒሳብ ቀላል ነው፤ 24 ጫፍ በ24 ሰዓት፣ ለአንድ ጫፍ አንድ ሰዓት። በአማካይ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ማራቶን ለሮጠ ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ከፍታውም አያስፈራም። የብሪታንያ ጣሪያ የሚባለው ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ መርካቶ ቆሞ ቁልቁል የሚታይ ከፍታ። እንጦጦና ሱሉልታ ያደገ ሳንባ እዚህ አየር አያጥረውም። የሚያጥረው የሚረገጥ መሬት ነው። ጫፉ ላይ በዓመት ከ4,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብና በረዶ ይወርዳል፤ የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ያልፋል። ይህ ሁሉ ውሃ አረንቋ፣ ጭቃ፣ የሚያንሸራትት ሣርና ጉም ሆኖ ይጠብቅዎታል።

መስመር ለመምረጥ እኔ የምጠቀምባት አንዲት ስሌት አለች። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 ለተራራ ተጓዦች ያወጣው ደንብ ሲተረጎም፣ አንድ ሜትር አቀበት ስምንት ሜትር ሜዳ ያህል ጊዜ ይበላል ማለት ነው። ፊትዎ 50 ሜትር የምትወጣ ጉብታ ብትቆም፣ በላይዋ ማለፍ 400 ሜትር ሜዳ እንደ መጨመር ነው። ወገቧን ይዞ መዞር ከዚያ ያነሰ የሚጨምር ከሆነ መዞሩ ያዋጣል። ይህ ግን መሬቱ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። በጉብታዋ አናት ላይ ሰው የረገጠው ጥርጊያ ካለ፣ ወገቧ ላይ ደግሞ የእኛ አስታ ዘመድ የሆነው ቁጥቋጦ ጉልበት ድረስ በቅሎ በሥሩ ድንጋይ ከደበቀ፣ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ በላይዋ ይሂዱ። ተዳፋት ላይ በወገብ መሄድ አንዱን ቁርጭምጭሚት እየጠመዘዘ ስለሚቆይ ዋጋውን የሚያስከፍለው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሲያመነቱ ሸንተረሩን ይምረጡ።

አሁን ወደ መነሻው። ሁለት ምርጫ አለ፤ ቤን ኔቪስን አስቀድሞ ማሞርስን ማስከተል፣ ወይም ከማሞርስ ጀምሮ በቤን ኔቪስ መጨረስ። ሰዎች ስለ አቀበትና ቁልቁለት ይከራከራሉ፤ እኔ የማየው ሌሊቱ የት እንደሚያገኝዎት ነው። በሰኔ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ደግሞ ትወጣለች። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከቤን ኔቪስ ተነስተው ለ23 ሰዓት ተኩል ቢያቅዱ፣ በስተምሥራቅ የመጨረሻው የሆነው ቤን ና ላፕ ላይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ይደርሳሉ። ጨለማው የሚውለው ከዚያ እስከ ስጉር ኤልደ ሞር ባለው ረጅም ሸለቆ ላይ ነው፤ ጫፍ የለበትም፣ ገደል የለበትም። ንጋት ማሞርስ ላይ ያገኝዎታል፤ እዚያ ደግሞ ሸንተረሩ ላይ ጥሩ ጥርጊያ አለ። ከማሞርስ ቢጀምሩ ሸለቆውን በብርሃን ያልፉና ሌሊቱ ግሬይ ኮሪስና ከሎክ ትሬግ በስተምዕራብ ባሉት ሁለት ተራሮች ላይ ይወድቃል። እዚያ ጉም ከገባ ሌሊቱ ይረዝማል።

ለእርስዎ ከቤን ኔቪስ መጀመርን እመርጣለሁ። ሜዳ ላይ ጠንካራ ሯጭ ነዎት፤ ሌላው በሸለቆው ሲንቀረፈፍ እርስዎ ይሮጡበታል። ነገር ግን ይህን ውሳኔ ዛሬ አይዝጉት። ከዋዜማው የአየር ትንበያ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው ነፋስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚነፍስ ከቤን ኔቪስ ከጀመሩ በግሬይ ኮሪስ ከኋላ ይገፋዎታል፣ በማሞርስ ግን ደክሞዎት ሳለ ፊት ለፊት ይገጥምዎታል። የሚበረታው በመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ በማግስቱ ጠዋት? ሁለተኛው ዝናብ ነው። ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ከተባለ የሸለቆው ወንዝ ሌሊት ይሞላል፤ ያኔ ከማሞርስ ተነስቼ ወንዙን ቀን ብሻገረው ይሻለኛል። ወይም ዙሩን ለሌላ ቀን አስተላልፈዋለሁ። ይህንኛውን የሚመርጥ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ፈቃድ ወስዶ፣ አጃቢ ሰብስቦ፣ ስንቅ ቋጥሮ የመጣ ሰው ዝናብ አያስቀረውም።

አሁን ወደ ኦናክ ቤግ። መስመሮችዎ በጣም የተለያዩት እዚህ እንደሆነ ሳላየው አውቃለሁ። በነገራችን ላይ ስሙ በጌሊክ «ትንሹ» ማለት ሲሆን 1,234 ሜትር ነው፤ «ትልቁ» ኦናክ ሞር 1,221 ሜትር። ስም ያወጡት ሰዎች የለኩት ቁመትን ሳይሆን ስፋትን ነው። ከኦናክ ቤግ ወደ ግሬይ ኮሪስ ለመሻገር 500 ሜትር ያህል ወርዶ በሩን መያዝ ያስፈልጋል። በር ስል እኛ ጣርማ በር እንደምንለው ነው፤ ሁለት ተራራ የሚገናኝበት ዝቅተኛ ቦታ። ወደዚያ የሚያወርዱ ሦስት መስመሮች አሉ። አንደኛው ተጓዦች የሚሄዱበት ነው፤ በጠርዙ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ረዘም አድርጎ ሄዶ ከዚያ በቁልቁል ሣር መውረድ። ሁለተኛው ሯጮች የቻርሊ ፈፋ የሚሉት ጠባብ ቦይ ነው፤ ከሁሉ አጭር። ሦስተኛው ከፈፋው አጠገብ የሚወርደው ድንጋያማ ተረተር ነው፤ የስፒንክስ ተረተር ይሉታል።

ፈፋው በደረቅ ሐምሌ ደግ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ግን የክረምቱ በረዶ ውስጡ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ምሥራቁን ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ ይነካውና ይለሰልሳል፤ ሌሊት ተመልሶ እንደ መስታወት ይደርቃል። በሩጫ ጫማ እዚያ ላይ የተንሸራተተ ሰው የሚቆመው ድንጋዩ ሲያቆመው ነው። ከላይ ደግሞ ጠርዙ ላይ በረዶው ከገደሉ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ስለሚቆይ፣ በጉም ውስጥ መሬቱ የት እንዳለቀ አይታይም።

አቋራጩ ሰዓት ያሳጣኝ ጊዜ እኔም እዚሁ ጠርዝ ላይ፣ ጉም ውስጥ ነበርኩ። ሰዓቴ ከዕቅዱ አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀድም ነበር፤ ያቺ አሥራ አንድ ደቂቃ ናት ያሳሳተችኝ። በረጅሙ ብዞር እንኳ ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ግን ትርፉን ላበዛ ፈለግሁ። ሰዓቴ ላይ ያለውን የሌላ ሰው መስመር እየተከተልኩ ወደ ጠርዙ ሄድኩና የመጀመሪያውን ቦይ ያዝኩ። ሠላሳ ሜትር ያህል ከወረድኩ በኋላ ከእግሬ ሥር የተነሳ ጠጠር ተንከባለለና ድምፁ ጠፋ። ጠጠር ሲያርፍ ይሰማል፤ ያኛው አልተሰማም። በእጅና በጉልበቴ ተመልሼ ወጣሁ፤ ጠርዙን ፈለግሁ፤ ትክክለኛው ፈፋ ከዚያ መቶ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር። አፉ ላይ ስደርስ በበረዶ ተሞልቷል። መጨረሻ በረጅሙ መንገድ ወረድኩ፤ 45 ደቂቃ ሄደች። ያንን ዙር በ24 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ጨረስኩ። ሒሳቡን እርስዎ ይሥሩት።

ከዚያ ወዲህ ለሠልጣኞቼ የምለው ይህን ነው። ተራራ ሲወጣ ተረተሮች ሁሉ እየተገናኙ ወደ አንድ ጫፍ ይመጣሉ፤ ቢሳሳቱ እንኳ ላይ ይደርሳሉ። ሲወረድ ግን ይለያያሉ፤ አናት ላይ አምስት ዲግሪ የሳተ ሰው ሥር ሲደርስ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ነው። ስለዚህ መስመርን በቁልቁለት መጀመሪያ ላይ ይጠብቁ፤ አቀበቱ ራሱን ይጠብቃል። ተረተሩና ፈፋው ከማሞርስ ለሚጀምር ሰው የሚወጣባቸው ስለሆኑ አደጋቸው ያንሳል። ከቤን ኔቪስ ለሚጀምር እንደ እርስዎ ላለው ግን የሚወረድባቸው ናቸው። ከኦናክ ቤግ ጫፍ ወደ በሩ ያለውን ቁልቁለት ከቀኑ በፊት ሦስት ጊዜ ካልወረዱት፣ በጉም ቀን ረጅሙን ይሂዱ። ከጫፉ ተነስተው መቶ ሜትር ፊትዎ ካልታየ ይህ ውሳኔ ያለቀ ይሁን፤ እዚያ ቆመው አያስቡበት።

ግሬይ ኮሪስ ላይ ብዙ የሚመረጥ የለም፤ ሸንተረሩን ይያዙ። ከስቶብ ባን ወደ ላሪግ ሌካክ ሸለቆ ወርዶ ስቶብ ኮሪ ኢሳንን መውጣት ከዙሩ ሁሉ የሚጠላ አቀበት ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እግርዎን ሳይሆን እስትንፋስዎን ይስሙ፤ እዚያ የሚታገል ሰው ሐይቁ ጋ ሲደርስ ምግብ አይበላለትም። ፈርሲት ግድቡ ዘንድ መኪና የሚደርስበት ስለሆነ አጃቢዎችዎ ትኩስ ነገር ይዘው ይጠብቁዎታል። ቆመው ይብሉ። የሎክ ትሬግ ውሃ ከዚህ በተራሮቹ ሆድ በተቆፈረ 24 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሄዶ ፎርት ዊልያም ያለውን የአሉሚኒየም ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል። በዚህ ዙር ላይ የሚያዋጣ አቋራጭ ያገኘው ውሃው ብቻ ነው።

ወንዙ አቨን ራ ይባላል። ከቤን ና ላፕ ወርደው፣ ግላስጎውን ከማላይግ የሚያገናኘውን የባቡር ሐዲድ ተሻግረው ወደ ሎክ ትሬግ ደቡባዊ ጥግ ይደርሳሉ። ወንዙ ከምዕራብ መጥቶ እዚያ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ቀጣዩ ጫፍ ስጉር ኤልደ ሞር ያለው ከወንዙ በስተደቡብ ነው። በሐይቁ ጥግ ያለውን ድልድይ ተሻግረው ሰሜን ዳርቻውን ከያዙ ጥርጊያው ለሩጫ ይመቻል፤ ግን ሚያናክ ከሚባለው ክፍት ጎጆ ፊት ለፊት፣ ሉቤልት በሚባለው ፍርስራሽ ቤት አጠገብ፣ መልካውን በእግር መሻገር አለብዎት። ድልድዩን ትተው ደቡብ ዳርቻውን ከያዙ ስቶይኔግ በምትባለው ጎጆ በኩል ያልፋሉ። መሬቱ ይበልጥ ረግረግ ነው፣ ጅረቶችም ይገቡበታል፤ ዋናውን ወንዝ ግን አይሻገሩም።

በደረቅ ሳምንት ሰሜኑ ይሻላል፤ መልካው ከቁርጭምጭሚት እምብዛም አያልፍም። ዝናብ ከነበረ ግን ውሃው ጭን ይደርሳል፤ ሌሊት ደግሞ መብራቱ ጥቁሩ ውሃ ላይ ሲንጸባረቅ ጥልቀቱ አይነበብም። ደክሞ፣ በርዶት፣ ለብቻ እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ዙሩን ለመጨረስ ሳይሆን ለሌላ ነገር ነው የሚገባው። ውሳኔው መወሰን ያለበት መልካው ላይ ሳይሆን ድልድዩ ላይ ነው። እዚያ መብራትዎን ወደ ውሃው ያብሩ። በወንዙ መካከል ያሉት ድንጋዮች ራሳቸውን ካወጡና ውሃው ጥርት ካለ በሰሜን ይሂዱ። ውሃው ደፍርሶ ድንጋዮቹን ከሸፈነ ደቡቡን ይያዙ። ልዩነቱ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሞልቶ ካገኙት በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ግን ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይበላል።

ማሞርስ ላይ አሥራ አንድ ጫፎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ስጉር አን ዩር ከ914 ሜትር በላይ የሆኑ የስኮትላንድ ተራሮች ከሚመዘገቡበት የሙንሮ ዝርዝር በ1997 ወጥቷል፣ ለዙሩ ግን አሁንም ይቆጠራል፤ እንዳይዘሉት። አን ጌራናክና ስጉር አ ቫይም ከዋናው ሸንተረር ወጣ ያሉ ስለሆኑ ደርሶ መልስ ናቸው። ሰው ሁሉ ቦርሳውን መገንጠያው ላይ ጥሎ ይሄዳል። ምግቡን እዚያ ይተዉት፤ የዝናብ ጃኬትዎን ግን ወገብዎ ላይ ይሰሩ። ወደ ስጉር አ ቫይም የሚወስደው ሸንተረር የሰይጣን ሸንተረር ይባላል፤ ስሙ ከሥራው ይከፋል፤ ሲረጥብ ብቻ ይጠንቀቁ።

ሐሳብዎን ቀይረው ከማሞርስ ከጀመሩ ደግሞ የመጨረሻው ጫፍ ቤን ኔቪስ ይሆናል። ደጋው አናት በሰሜን በኩል በገደል፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል የአምስት ጣት ፈፋ በሚባለው ወጥመድ የታጠረ ነው። በጉም ከጫፉ ምሰሶ በካርታ ልኬት 231 ዲግሪ ይዘው 150 ሜትር ይቁጠሩ፣ ከዚያ 282 ዲግሪ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እጅዎ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ፤ በ23ኛው ሰዓት ጭንቅላት ስልክ ቁጥር እንኳ አይዝም።

ከቤን ኔቪስ ከጀመሩ ግን የመጨረሻው ሙላክ ናን ኮረን ነው፤ ከዚያ ወደ ማደሪያው የሚያወርደው ቁልቁለት የተተከለ ደን ይገጥመዋል። ዛፎቹ በየጊዜው ስለሚቆረጡ የዛሬ አምስት ዓመት የተቀዳ መስመር የተጋደመ ግንድ ውስጥ ሊከትዎት ይችላል። በሚቀጥለው ወር እሑድ ጠዋት ወጥተው ከጫፉ እስከ ደኑ መንገድ ድረስ ይውረዱት፤ የት እንደሚገቡ በዓይንዎ ይለዩና በሳምንቱ ማታ በመብራት ይድገሙት። ራምሴን ያተረፈችው ሁለት ደቂቃ የምትገኘው እንዲህ ካለ ቦታ ነው።

በግንቦት መጨረሻ እኔ ራሴ ኦናክ ቤግ እወጣለሁ። ፈፋው ውስጥ ያለው በረዶ እስከ የት እንደወረደ አይቼ እጽፍልዎታለሁ።